ኦቲዝም ያለባቸውን ወገኖች ለመርዳት የኮምፒዩተር መነጽር ምን ይጠቅማል?



ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ለማስተማር ያገለግላል ስለሚባለው የኮምፒዩተር መነጽር ከልዩ ልዩ ቦታ ጥያቄ ይቀርብልናል። በውጭ አገር የሚኖሩ አንዳንድ ወገኖች «ገንዘብ አዋጥተን፣ መነጽሩን ገዝተን እንላክ» ይላሉ። የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ «በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? ማንስ ነው የሚሠራበት?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለጌታ ሥራ የተሰጠ ገንዘብ በከንቱ እንዳይባክን መጠንቀቅ ግዴታችን ነው፤ ከዚህም ይበልጥ፣ መናገር የማይችል ልጅ በማይስማማው መሣሪያ እንዳይሠቃይ መጠንቀቅ ይገባናል። ስለዚህ መነጽሩ ምን እንደ ሆነ፣ የት ተሞክሮ ምን እንዳስገኘ፣ ከእኛስ ምን እንደሚጠበቅ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚኖር የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው። ኦቲዝም ያለበት ሰው ከሌሎች ጋር የሚግባባበት መንገድ፣ እንደዚሁም ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን የሚቀበልበት ሁኔታ ከብዙዎቻችን ይለያል። የዕለት ልማዱ በድንገት ሲለወጥበት እጅግ ይጨነቃል። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ አጥርቶ ይናገራል፤ ሌላው ቃል አያወጣም። አንዱ ትምህርቱን ጨርሶ በሥራው ይተዳደራል፤ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ የሰው እርዳታ ያስፈልገዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። እንግዲህ ብዙ ምእመናን ባሉበት ጉባኤ ሁሉ እንዲህ ያለ ወገን ያለው ቤተሰብ ይኖራል ማለት ነው፤ በጉባኤው መካከል የማይታይ ከሆነ፣ ምናልባት ቤት ውስጥ ስለ ተቀመጠ ይሆናል።

ሐኪሙ ሊዮ ካነር በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ፣ ስለ 11 ልጆች የጻፈው በ1943 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በምዕራቡ ዓለም ጥፋቱ «ፍቅር ነፈገች» በምትባለው እናት ላይ ይጣል ነበር። ይህ ሐሳብ ስሕተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በእኛም ዘንድ እናቲቱን የሚከስስ ሌላ ዓይነት ወሬ አለ። በ2016 የታተመና በአዲስ አበባ በ102 አሳዳጊዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ብዙ ቤተሰቦች የልጃቸውን ሁኔታ ከርኩስ መንፈስ ወይም ከኃጢአት ቅጣት ጋር እንደሚያያይዙትና ከሰው ዓይን የሚመጣው ኀፍረት እንደሚከብዳቸው አሳይቷል። ስለዚህ ስለ መሣሪያው ከመነጋገራችን በፊት ይህን በግልጽ እንናገራለን፤ ኦቲዝም እርግማን አይደለም፣ የእናቲቱም ጥፋት አይደለም።

መነጽሩ እንዴት ይሠራል?

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው «ቨርቹዋል ሪያሊቲ» የሚባለው ሲሆን፣ በኮምፒዩተር የተሠራ የማስመሰያ ዓለም ነው። ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር ለግራና ለቀኝ ዓይን በጥቂቱ የሚለያዩ ሥዕሎችን ያሳያል፤ አንጎላችንም ሁለቱን አገናኝቶ ጥልቀት ያለው ቦታ አድርጎ ይመለከታቸዋል። ሰውየው ራሱን ሲያዞር መሣሪያው እንቅስቃሴውን ተከትሎ ሥዕሉን ይለውጣል። በዚህም ምክንያት ተመልካቹ በመንገድ ዳር ወይም በአውቶቡስ ውስጥ የቆመ ያህል ይሰማዋል።

ሁለተኛው «ኦግመንትድ ሪያሊቲ» ይባላል። ይህኛው እውነተኛውን ዓለም አይሸፍንም። ሰውየው ከፊቱ ያለውን ሰው ወይም ዕቃ እያየ፣ መሣሪያው በላዩ ላይ ምልክት፣ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ይጨምርለታል። በእጅ ስልክም ሊሠራ ይችላል።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በራስ ላይ የሚደረግ የኮምፒዩተር ማሳያ በ1968 ሠርቶ ነበር፤ ከክብደቱ የተነሣ ከጣሪያ ጋር ተያይዞ ይንጠለጠል ነበር። ዛሬ መሣሪያው በአንድ እጅ የሚያዝ ሆኗል።

ለምንስ ለኦቲዝም ታሰበ? ምክንያቱ ቀላል ነው። እውነተኛው መንገድ ለተማሪው አይጠብቅም። መኪናው አይቆምለትም፤ ጩኸቱ አይቀነስለትም፤ ተሳስቶ ቢራመድ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በማስመሰያው ዓለም ግን አስተማሪው መኪኖቹን አንድ ብቻ ማድረግ፣ ድምፁን ማጥፋት፣ ያንኑ መንገድ ሳይለወጥ አሥር ጊዜ መደጋገም ይችላል። ልጁ ሲረጋጋ ጥቂት ይጨምራል፤ ሲጨነቅ ይቀንሳል። ሳይለወጥ የሚደጋገም ነገር ደግሞ ኦቲዝም ላለባቸው ለብዙዎች ዕረፍት ነው።

የት ተሞከረ? ምንስ ተገኘ?

በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና፣ ዶሮቲ ስትሪክላንድና ባልደረቦቿ በ1996 ስለ ሁለት ልጆች ጽፈዋል። አንደኛዋ የ7 ዓመት ተኩል ልጅ፣ ሁለተኛው የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሁለቱም ያን ጊዜ የነበረውን ከባድ የራስ ቁር መሰል መሣሪያ ለማድረግ ፈቀዱ፤ በማስመሰያው መንገድ ላይ መኪናዎችን ለዩ፣ ቀለማቸውንም ተናገሩ። ሁለት ልጆች ብቻ ስለ ነበሩ ብዙ ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም በሩን ከፈተ። በእስራኤልም የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት 6 ልጆችና ወጣቶች በኮምፒዩተር ላይ በተሠራ ጎዳና መንገድ ማቋረጥን ተለማመዱ። በኮምፒዩተሩ ላይ ተሻሻሉ፤ ከፊሎቹም በእውነተኛው መንገድ ላይ ተሻሽለው ታዩ። «ከፊሎቹ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት የምናገኝበት የእንግሊዝ አገር ሥራ ነው። በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከአንድ ኩባንያ ጋር በመሆን «ብሉ ሩም» ማለት ሰማያዊ ክፍል የሚባል ቦታ ተጠቀሙ። በዚህ ክፍል መነጽር አይደረግም፤ ሥዕሉ በግድግዳዎቹ ላይ ዙሪያውን ይታያል። ስለዚህ ፊታቸው ላይ ዕቃ መደረጉ ለሚያስጨንቃቸው ልጆች ይመቻል። ልጁ ሲገባ የሥነ ልቡና ባለሙያ አብሮት ይገባል። በቅድሚያ ቀስ ብሎ መተንፈስንና ሰውነትን ማላላትን፣ ለራሱም የሚያረጋጋ ቃል መናገርን ይማራል። ከዚያም የሚፈራው ነገር፣ ሰው የሞላበት አውቶቡስ ወይም ርግብ ቢሆን፣ በጥቂት በጥቂቱ ይቀርብለታል። ወላጆቹ ከሌላ ክፍል ሆነው በቪዲዮ ይመለከታሉ፤ እነርሱም ዘዴውን ተምረው በኋላ ልጃቸውን ወደ እውነተኛው ቦታ ይወስዱታል።

በ2014 የወጣው የመጀመሪያ ጥናት በ9 ወንዶች ልጆች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ከእነርሱ 8ቱ ይፈሩት የነበረውን ነገር መቋቋም ቻሉ። በ2019 የወጣው ግን ይበልጥ ጥንቃቄ የተደረገበት ነው። ከ8 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 32 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ሕክምናውን አገኙ፣ ግማሾቹ ቆይተው እንዲያገኙ ተደረገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕክምናውን ካገኙት 16 ልጆች 4ቱ ተሻሽለው ተገኙ፤ ከስድስት ወር በኋላ ቁጥሩ ወደ 6 ከፍ አለ። ካላገኙት መካከል የተሻለው አንድም አልነበረም። ደግሞም በስድስት ወር ውስጥ ሕክምናውን ካገኙት የባሰበት አንድ ልጅ ሲሆን፣ ካላገኙት የባሰባቸው አምስት ናቸው።

ከ16 ልጆች 6 መሻሻላቸው ለእነዚያ ቤተሰቦች ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን 10ሩ በዚያ መለኪያ እንዳልተሻሻሉ መዘንጋት የለብንም። «መነጽሩ ኦቲዝምን ይፈውሳል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ፣ እውነት አለመናገሩን ከዚህ ታውቃላችሁ። የታከመው ፍርሃቱ እንጂ ኦቲዝሙ አልነበረም።

የሁለተኛው ዓይነት መሣሪያ ምሳሌ ከአሜሪካ፣ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመራማሪዎቹ ጉግል ግላስ የተባለውን ቀላል መነጽር ከስልክ ጋር አገናኙት። በመነጽሩ ላይ ያለችው ካሜራ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ታያለች፤ መሣሪያውም ፊቱ ደስታን፣ ሐዘንን፣ ቁጣን ወይም ሌላ ስሜትን እንደሚያሳይ ለልጁ በትንሽ ሥዕልና በድምፅ ይነግረዋል። በ2019 በወጣው ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 71 ልጆች ተካፈሉ። መነጽሩ የደረሳቸው በቤታቸው፣ ከቤተሰባቸው ጋር፣ በሳምንት 4 ጊዜ ለ20 ደቂቃ፣ ለ6 ሳምንት እንዲለማመዱ ተደረገ። ወላጆች በሚሞሉት የማኅበራዊ ኑሮ መለኪያ ከሌሎቹ ልጆች ተሽለው ተገኙ፤ በሌሎቹ ዋና ዋና መለኪያዎች ግን ልዩነቱ አስተማማኝ ለመሆን አልበቃም። የዚያን መነጽር ሽያጭ ደግሞ ኩባንያው በ2023 አቁሟል። ይህም ለፕሮጀክት ሠራተኞች ትምህርት ነው፤ ሥራችንን በአንድ ኩባንያ ዕቃ ላይ ብቻ ብንመሠርት፣ ኩባንያው ሲተወው ሥራችንም አብሮ ይቆማል።

የሠራው ምንድን ነው?

እነዚህን ሥራዎች አንድ ላይ ስንመለከት፣ በተለይ ፍርሃትን ለማከም በተደረገው ሥራ አራት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ የሚፈራው ነገር በትክክል ተለይቶ ይታወቃል፤ «ውጭ መውጣት ይፈራል» ሳይሆን «አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲነካው ይፈራል» ይባላል። ሁለተኛ፣ ነገሩ በጥቂት በጥቂቱ ይቀርባል። ሦስተኛ፣ ልጁ የሚያምነው ሰው ከጎኑ አለ፤ «ይብቃኝ» ሲልም ይቆማል። አራተኛ፣ ልምምዱ ክፍል ውስጥ አይቀርም፤ በእውነተኛው ቦታ ይፈጸማል። ከሃይፋዎቹ ተማሪዎች ሁሉም ሳይሆኑ «ከፊሎቹ» ብቻ በእውነተኛው መንገድ የተሻሻሉትም ምናልባት ለዚህ ይሆናል፤ ከማስመሰያው ወደ እውነተኛው የሚያሻግር ድልድይ በራሱ አይሠራም። የሚሠራው ሰው ነው።

ከእነዚህ ከአራቱ መሣሪያው የሚያግዘው በተለይ ሁለተኛውን ነው። የቀሩት ሦስቱ የትዕግሥትና የፍቅር ሥራዎች ናቸው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች

መነጽሩ አንዳንድ ሰዎችን ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ኦቲዝም ካለባቸው መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ከሌላው ሰው ይበዛሉ፤ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃንም በሽታውን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሐኪም ሳይጠየቅ ለማንም መደረግ የለበትም። አምራቾቹ ራሳቸው ለትንንሽ ሕፃናት እንዳይሰጥ ያሳስባሉ። ካሜራ ያለበት መሣሪያ የልጁንና የቤተሰቡን ገበና ሊመዘግብ ስለሚችል፣ ምስሉ የት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ጥናቶቹ በአብዛኛው የተደረጉት መናገር በሚችሉ ልጆች ላይ ነው፤ በፕሮጀክቶቻችን የምናገኛቸው ብዙዎቹ ግን ንግግር የላቸውም። ደግሞም በመነጽሩ ውስጥ ያለው መንገድ የባዕድ አገር መንገድ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። ረዳቱ የሚጣራበት ሚኒባስ፣ በግ የሚነዳበት ጎዳና፣ የገበያው ግፊያ በውስጡ የለም።

ሌላም አለ፤ ፍርሃትና ሕመም አንድ አይደሉም። ፍርሃት በልምምድ ሊቀንስ ይችላል። ድምፅ ጆሮውን የሚያሳምመውን ልጅ ግን ድምፁን ደጋግሞ ማሰማት መርዳት ሳይሆን ማሠቃየት ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ድምፁን መቀነስ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ዐዋቂዎችም «እናንተን እንድንመስል አታሠልጥኑን፤ መኖር እንድንችል እርዱን» እያሉ ያሳስባሉ። ቃላቸውን መስማት ይገባናል።

ያለ መነጽር ምን ማድረግ ይቻላል?

ልምምዱ ያለ ውድ መሣሪያም ይሠራል። አሜሪካዊቷ መምህር ካሮል ግሬይ በ1991 የጀመረችው «የማኅበራዊ ታሪክ» ዘዴ፣ ልጁ የሚገጥመውን ነገር በአጫጭር ዓረፍተ ነገርና በሥዕል አስቀድሞ ማስረዳት ነው። በቦስተን አውሮፕላን ጣቢያ ከ2011 ጀምሮ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ጉዞውን በእውነተኛው ቦታ እንዲለማመዱ ተደርጓል፤ ይፈተሻሉ፣ አውሮፕላን ላይ ይሳፈራሉ፣ አውሮፕላኑ ግን አይነሣም። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስላለበት፣ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመው በ2021 እስካረፉ ድረስ ብዙ ቤተሰቦችን አስተምረዋል። ሥራቸውን የጀመሩት በመነጽር አልነበረም።

ለምሳሌ ወደ ጸሎት ቤት መምጣት የሚፈራ ልጅ ቢኖር፣ የሚከተለውን መንገድ መሞከር ይቻላል።

1. ከወላጆቹ ጋር ሆናችሁ የሚያስጨንቀውን ነገር ለዩ፤ ድምፅ ማጉያው ነው? ሕዝቡ ነው? ወይስ ሰላምታ ሲሰጡት ሰው መንካቱ?
2. የበሩን፣ የወንበሩንና የአገልጋዮቹን ፎቶግራፍ አንሥታችሁ በቤቱ በየቀኑ ይመልከት።
3. የአምልኮውን ሁለት ደቂቃ በስልክ ቀድታችሁ፣ መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ በኋላ በዝቅተኛ ድምፅ አሳዩት። የራሳችሁ «ማስመሰያ ዓለም» ይህ ነው።
4. በሥራ ቀን፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን አምጡት፤ የሚቀመጥበትን ቦታ ራሱ ይምረጥ።
5. መዘምራን ሲለማመዱ ለአምስት ደቂቃ በር አጠገብ ይቀመጥ።
6. በመጨረሻ እሑድ ለአሥር ደቂቃ ይምጣ፤ መውጣት ሲፈልግ የሚያሳየው የእጅ ምልክት ይኑረው፣ ምልክቱንም ሲያሳይ ወዲያው ይውጣ።

አንዱ ደረጃ አንድ ወር ቢፈጅ አትቸኩሉ። አታታልሉት፤ «አይጮኽም» ብላችሁ ከጮኸበት ሁለተኛ አያምናችሁም።

የጉባኤው ድርሻ

ልጁ ይህን ሁሉ ተለማምዶ ሲመጣ ጉባኤው እንዴት ይቀበለዋል? የእንግሊዝ ብሔራዊ የኦቲዝም ማኅበር በ2016 አንድ አጭር ፊልም ለዚሁ ዓይነት መነጽር አዘጋጅቶ ነበር። የተዘጋጀው ኦቲዝም ለሌለባቸው ሰዎች ነው። ተመልካቹ መነጽሩን ሲያደርግ በገበያ አዳራሽ ውስጥ ያለ ልጅ የሚሰማውን ጩኸትና ብርሃን ያይና ይሰማ ነበር። ትምህርት የሚያስፈልገው ልጁ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለነው እኛም ነን።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጆሮው የማይሰማውንና አጥርቶ የማይናገረውን ሰው ወደ ጌታችን ባመጡት ጊዜ፣ ጌታ ሰውየውን በሕዝቡ ፊት አላቆመውም። አስቀድሞ ከግርግሩ አወጣው፤ ለብቻውም ሆኖ፣ ሊረዳው በሚችል ምልክት ቀረበው። እኛም ኦቲዝም ያለበትን ልጅ በመድረክ ላይ አቁመን በድምፅ ማጉያ እየጮኽን፣ እጁን ይዘን ብንጫነው የጌታን መንገድ አልተከተልንም። ጸሎትን አናስቀርም፤ ልጁ ባለበት፣ በቀስታ፣ ከእናቱ ጋር እንጸልይ። ድምፅ ማጉያውን ዝቅ ማድረግ፣ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ማዘጋጀት፣ ልጁ ሲጮኽ ወደ እናቲቱ ዘወር ብሎ አለማፍጠጥ፣ አንድ ሰዓት ልጁን ጠብቆ እናቲቱን ማሳረፍ፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቁም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከላይ በተገለጸው ምክንያት ድርጅታችን መነጽሮችን በጅምላ ገዝቶ አይልክም፤ እናንተም ገዝታችሁ እንዳትልኩ እንለምናለን። አንድ ማዕከል የሠለጠነ ባለሙያ ካለው፣ ወላጆች አብረው የሚማሩ ከሆነ፣ ሐኪም ከተጠየቀ፣ ልምምዱም በእውነተኛው መንገድና በእውነተኛው ገበያ የሚፈጸምበት ዕቅድ ከተዘጋጀ፣ መነጽሩ መልካም ረዳት ሊሆን ይችላልና ጥያቄውን በደስታ እንመረምራለን። እነዚህ ካልተሟሉ ግን የምታዋጡት ገንዘብ ለአሠልጣኞችና ለወላጆች ትምህርት ቢውል ይሻላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው የሥልጠና መርሐ ግብር በኢትዮጵያ ከአገሩ ሁኔታ ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል፤ የሚያስፈልገውም ሰዎችንና ጊዜን ነው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች በየአካባቢያችሁ ከቤት የማይወጡ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች በጥንቃቄና በአክብሮት እንድትጎበኙ፣ የጉባኤ መሪዎችም በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባችሁ የድምፅ ማጉያውንና የጸጥታ ክፍሉን ነገር እንድትነጋገሩበት እንጠይቃለን። በጸሎታችሁ ሌሊቱን ሳይተኙ የሚያነጉ እናቶችን፣ መናገር ያልቻሉ ልጆችን፣ በትዕግሥት የሚያስተምሯቸውንም አስቡ። የጌታችን ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።